ከአንደኛነት ያልወረደው ዘፈን

አሉላን የገደለው የከሰል ጭስ ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ረፋድ ላይ፣ ካዛንቺስ ከፈረሰው ተርፎ በቆመ ፎቅ ውስጥ፣ የስቱዲዮው ድምፅ መቅጃ ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀዝቅዞ ተገኘ። እግሩ ሥር የበረደ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተፈላበት ድስት ነበር። ለፋሲካ ያወጣው አልበም ከወጣ ጀምሮ ከአንደኛነት ወርዶ አያውቅም። ያን ዕለት ማታ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ የዓመቱ አንደኛ ብሎ ሊሸልመው ነበር። ምን ያደርጋል! ገና ሚስት እንኳ ያላገባ ልጅ ነበር።

ኢንስፔክተር ሪሐና ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ አገሩ ሁሉ ገዳዩን አግኝቷል። ዓመቱን ሙሉ በሁለተኛነት የተከተለችው ዘፋኝ ደሊና ናት፤ አለቀ። ቲክቶክ ፈረደባት፣ ታክሲው ፈረደባት። የሪሐና አለቃ ሳይቀር «እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣሽ እሷን እናስራታለን» ብሎ ደወለ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሪሐና እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ያደገች፣ ጥቂት ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ናት። የመቅጃ ክፍሉን በር ዘግታ ከፈተችው። በሩ ላይ፣ በውጪ በኩል፣ ድምፅ እንዳያልፍ የሚወርድ ወፍራም ምንጣፍ ተሰቅሏል።

«ስታገኘው ይኼ ምንጣፍ ወርዶ ነበር?» አለችው የስቱዲዮውን ባለቤት፣ አቀናባሪውን ሰዓድን።

«ወርዶ ነበር። ስመጣ ውስጥ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም፤ በቃ፣ ሳልከፍተው ቆየሁ» አለና እንባው መጣ።

«ውስጥ ያለ ሰው ሊያወርደው ይችላል?»

«አይችልም። ሁሌ የማወርድለት እኔ ነኝ። ትናንት ግን ቁልፉን ትቼለት በጊዜ ሄድኩ። ጉንፋን ይዞት ነበር። እሳት ደግሞ እዚህ አላስገባም፤ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ነው።»

«ያ ከአልበሙ ሁሉም የሚጨፍርበት ዘፈን ዜማው የማነው?»

ሰዓድ አንገቱን ደፋ። «የአክስቱ፣ የወይዘሮ ለተሚካኤል። ማለቴ፣ ልጃቸው መሓሪ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ያወረዱት ሙሾ ነው። አሉላ በስልኩ ቀድቶ አመጣው፣ እኔ ምት ጨመርኩበት፣ ጭፈራ ሆነ። እሳቸው ምንም አላሉም።»

«ጠይቃችኋቸው ነበር?»

«አልጠየቅናቸውም።»

የደሊና በር ላይ ተሳዳቢ ተሰብስቧል። ሪሐና ልጅቱን መጋረጃ ጋርዳ ወለል ላይ እንደተቀመጠች አገኘቻት።

«ትናንት ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ፣ ምስክር የለኝም። ዛሬ ጠዋት ኡራኤል ሄድኩ። ማታ አንደኛ ከወጣሁ ጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ፤ እየሳቅሁ ቪዲዮ ሁሉ ለቅቄያለሁ። አሁን እሱን እያዞሩ ‹ገድላው ስትስቅ› ይሉኛል። በሞትኩት፣ ኢንስፔክተር፣ እኔ እኮ አሉላን እወደው ነበር!»

ሪሐና ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። ከደሊና ጀርባ ዛፍ ሥር አንዲት አሮጊት ቆመዋል። የነጠላቸው ጥለት ወደ ላይ፣ አንገታቸው ላይ ነው።

የአሉላ አክስት መሆናቸውን ከሰዓድ አረጋግጣ ሴትዮዋን ለገሃር ቤታቸው አገኘቻቸው። ድንኳን ተተክሏል።

«አሉላን እርስዎ ነዎት ያሳደጉት፣ እማማ?»

«እናቱ ስትሞት አምጥቼ ከመሓሪዬ ጋር አሳደግሁት። ‹አደይ›፣ ‹እናቴ› ነበር የሚለኝ» አሉ ወይዘሮ ለተሚካኤል።

«የመሓሪን ሐዘን መቼ አወጡ?»

«ቄሱ ሲገሥጹኝ፣ ለፋሲካ ከል አወለቅሁ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ለባሽ ነኝ።»

«የአሉላን መርዶስ?»

«ከኡራኤል ቅዳሴ ተመልሼ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሰዓድ መጥቶ አረዳኝ።»

ሲመሽ ሪሐና ሰዓድን፣ ደሊናንና ሴትዮዋን እዚያው ቤት ጓዳ ሰበሰበቻቸው።

«ምንጣፉን ያወረደ ሰው አለ» አለች ቀስ ብላ። «ስለዚህ አደጋ አይደለም። የሚጠላው ሰው ግን ቅጠል ቀንጥሶ፣ ምድጃ ተሸክሞ ያን ደረጃ አይወጣም። የወጣው ጉንፋኑ አንጀቱን የበላው ሰው ነው። ሰዓድ እሳት አያስገባም። ደሊናም የገደለችው ብትሆን ሳቋን ለዓለም አትለቅም። ያ ቪዲዮ ሲቀረጽ ሰዓድ በሩን ገና አልከፈተም። አሉላ መሞቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በቀር።» ስልኩን ለወይዘሮ ለተሚካኤል ዘረጋችላቸው። «ነጠላዎን አዘቅዝቀዋል፣ እማማ። ለማን ነው?»

አሮጊቷ ምስሉን አተኩረው አዩት።

«እጄ ነው» አሉ። «እኔ አላወቅሁም፤ እጄ ነው ያዘቀዘቀው።»

የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ቀጠሉ።

«በስልክ ሲያስል ብሰማው አላስቻለኝም፣ ምድጃውን ይዤለት ሄድሁ። ሲታጠን ለመንሁት። ‹ሌላውን ሁሉ ዝፈን፣ ነገ ያን ብቻ ተወው› አልሁት። ከሌን ባወለቅሁ ሰሞን ነው እኮ የወጣው! በታክሲው፣ በሠርጉ፣ በልጄ ሞት ሲጨፈር ከረመ። ‹አደይ፣ እሱማ የሕዝብ ሆኗል› ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ አሸለበው። ከሰሉ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ልቀስቅሰው ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። ተውኩት። በሩን ዘጋሁ፣ ምንጣፉን አወረድሁ። ሲነጋ እንዳይሞትብኝ ልለምን ኡራኤል ሄድሁ። አይ እኔ! ልጆቼን ሁለቱንም ቀበርሁ።»

ሰዓድ ፊቱን ሸፈነ። ደሊና ነፃ መውጣቷን ረስታ የሴትዮዋን ጉልበት ይዛ አለቀሰች።

ወይዘሮ ለተሚካኤል ለመሄድ ሲነሡ የሪሐናን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ ዛሬ ማታ ይዘፍኑታል?»

ሬዲዮ ጣቢያው አሉላን አንደኛ ብሎ፣ ለመታሰቢያው ያንኑ ዘፈን እስኪነጋ ሊደጋግመው ማወጁን ሪሐና ሰምታለች። ለተጠርጣሪ ዋሽታ አታውቅም ነበር።

«አይዘፍኑትም፣ እማማ።»

«ተመስገን» አሉ።

ሪሐና ቀድማቸው ወጥታ የፖሊስ መኪናውን ሾፌር ሬዲዮኑን እንዲያጠፋ፣ መስኮቱንም ሁሉ እንዲዘጋ አዘዘችው።