ጋሼ ማሞቂያን ማን ገደላቸው?

«በዚህ ጋራዥ ውስጥ እኔ ሳልሰማው የሚያስነጥስ ዝንብ የለም» ትል ነበር ሪሀና።

አብነት ሰፈር ያለው የወንድሟ የሰሚር ጋራዥ ከቤታቸው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው። ሪሀና ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አልረገጠችም፤ ሞተር ግን በድምፁ ትለያለች፤ ውሸታምም እንደዚያው። ለሰው ሁሉ ቅጽል የምታወጣውም እሷ ናት። አሮጌ ሚኒባስ ይዘው «የማሞቂያው ፋን ደግሞ እምቢ አለኝ» እያሉ ለሚመላለሱት ሽማግሌ ሹፌር «ጋሼ ማሞቂያ» የሚል ስም ሰጠቻቸው። ግቢው ሁሉ ተቀበላት።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ጋሼ ማሞቂያ የሚነዱት ሚኒባስ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ሰንጋ ተራ የነበረው የኪራይ ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ የሚያድሩት እዚያው ጋራዡ ግቢ፣ መኪናው ውስጥ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው መሪው ፊት ተቀምጠዋል። የሚያደርሳቸው ሹፌር የሚጠብቁ ተሳፋሪ ይመስሉ ነበር።

ሬሳው ሆስፒታል ደርሶ ወሬው ሲመለስ ሳጅን አስፋው ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

«ጭስ ነው የገደለው ብሏል ሐኪሙ። ትናንት ማሞቂያውን የነካካው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰሚር። «ፋኑ ሲነፋ አይቼ ነው የወረድኩት።»

«እንግዲያው ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ወደ ውስጥ ለቀህበታል። ተነስ፣ ጣቢያ!»

ሪሀና እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሰሚር ሌላ ሰው የላትም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ነው የሚታጠበው። ዛሬ ማታ አንድ ብቻ ስታጥብ ታያት።

«ሳጅን፣ መኪናውን አንዴ ልየው?»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«የጋራዡ ጆሮ።»

ሳጅኑ ሳይወድ ሳቀ። «ሻዬን እስክጨርስ።»

መኪናውን ዞረችው። ከማርሚታው ፊት፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር፣ ጋራዡ በር ላይ ሻይ ቤት ያላት የእትዬ እንዳለች ነጭ የጠረጴዛ ልብሶች ከትናንት ጀምሮ ተሰጥተዋል። አንዱን አሸተተች፤ ገልብጣ አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። የጎን መስኮቱ ስንጥቅ ውስጥ ጨርቅ ተወትፏል። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ፣ የወለሉ ጎማ ምንጣፍ ላይ ክብ ሆኖ የቀለጠ ቦታ አለ፤ ዙሪያው ቁንጥር አመድ። የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተች። የማሞቂያው ፊውዝ የለም።

የመኪናው ባለቤት አቶ ዱጉማ ከሜክሲኮ አደባባይ እየሮጠ ደረሰ።

«ጋሽ ዱጉማ፣ መኪናውን ሊሸጡት አልነበር?»

«ነበር። ሽማግሌው ግን ‹የት ልደር?› አለኝ፤ ተውኩት። እና ገደልኩት ልትዪ ነው?»

«ፊውዝስ ነቅለዋል?»

«እኔ? ጎማና መሪ ነው የማውቀው!»

አልዋሸም፤ ድምፁ አልተሰበረም። ወደ እትዬ እንዳለች ሄደች።

«እትዬ፣ ጠዋት የመኪናውን በር የከፈቱት እርስዎ ነዎት?»

«ሻይ ላደርስለት ብዬ ነዋ።»

«ሻዩ ዛሬ በኤሌክትሪክ ነው እንዴ? ፈርኔሎውስ?»

«ከሰሉ ረጥቦብኝ ነው» አለች እትዬ እንዳለች፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

ሳጅኑ ሻዩን ሲጨርስ ሪሀና ሁሉንም ሚኒባሱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መጀመሪያ ሞተሩ። ይሄ ናፍጣ ሲነሳ ሰፈር ያጠቁራል። ማርሚታው ፊት የተሰጣው ልብስ ግን ነጭ እንደሆነ አለ። ስለዚህ ሌሊቱን ሞተሩ አልተነሳም። የማርሚታ ጭስ ካልነበረ ሰሚር የለቀቀው ጭስም የለም።»

«እና ጭሱ ከሰማይ ወረደ?» አለ ሳጅኑ።

«ከወለሉ ነው የወጣው። ምንጣፉን ይዩት፤ ትኩስ ነገር ተቀምጦበታል። ዕቃው ግን የለም። በሩን መጀመሪያ የከፈተ ሰው አንስቶታል።» ከሻይ ቤቱ የውኃ በርሜል ኋላ ፈርኔሎ አወጣችና ገለበጠችው። ቂጡ ላይ ጥቁር ጎማ ቀልጦ ተጣብቋል።

እትዬ እንዳለች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ይንቀጠቀጥ ነበር! ማሞቂያው አልሠራም ሲለኝ ከሰሉን ሰጠሁት። መስኮት ክፈት ስለው ‹ነፋስ ይመታኛል› አለኝ። ጠዋት ሳየው ገዳይ እንዳይሉኝ ፈርቼ ደበቅኩት።»

«ግን እኮ ሠርቼላቸው ነበር!» አለ ሰሚር።

«ፊውዙን አንድ ሰው ነቀለዋ» አለች ሪሀና። «ሳጅን፣ ከጋሼ ማሞቂያ ኪስ የወጣውን ያሳዩን።»

ሳጅኑ ከፌስታሉ ቁልፍ፣ ማበጠሪያና መሐረብ አወጣ። መሐረቡን ሲፈታው ፊውዞች ተበተኑ፤ አንድም የተቃጠለ የለባቸውም። ሰሚር አንዱን አነሳና አገላብጦ አየው።

«የኔ ናቸው» አለ። «በየጊዜው ያስገባሁላቸው።»

«ፋኑን ስትፈታ ምን ያደርጋሉ?» አለችው።

«አጠገቤ ቁጭ ይላሉ። ስለ ባለቤታቸው ያወሩኛል። ፋኑን እጃቸው ላይ አስይዛቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል።»

«ሲሠራስ?»

«ሲሠራማ…» ሰሚር ፊውዙን በጣቶቹ አሸው። «ሲሠራማ ማን ያናግራቸዋል?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ሳጅኑ ካቴናውን ወደ ወገቡ መለሰ። ሪሀና የወንድሟን እጅጌ ጨብጣ ያዘች፤ ያዝ ካደረገችው በኋላ ደግሞ አመሏ ተመለሰ።

«አላልኳችሁም? እኔ ሳልሰማው ዝንብ እንኳ አያስነጥስም!»

«ጎበዝ ነሽ» አለ ሳጅኑ እስክሪብቶውን እያወጣ። «ቃልሽን ልቀበል። ሟቹን ታውቂያቸዋለሽ?»

«እንዴት አላውቃቸው!»

«ስማቸውን ንገሪኛ።»

«ጋሼ…» አለች ሪሀና። ሰሚርን አየችው፤ እሱም መሬት መሬት ያያል።

«ዋቅሹማ ነው ስሙ» አለች እትዬ እንዳለች፣ እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች። «የዝንብ ማስነጠስ ከምትሰሚ፣ አንድ ቀን ‹ስምዎ ማነው?› ብትዪው ኖሮ ፊውዙን ባልነቀለ።»