አልቆመም

የኤሌክትሪክ ባቡር በከተማይቱ ዋና ጎዳና መሮጥ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፤ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፤ በኮረብታው ላይ ካለው ሐኪም ቤት ወደ ዋናው ሐኪም መኖሪያ የሚወርደው የስልክ መስመር የሰው ሕይወት አጠፋ። አንዲት የጫማ ሰፊ ሚስት ልጇን በሰላም ከተገላገለች በኋላ ደም ይፈሳት ጀመር፤ አዋላጇም ስልኩን አንሥታ «ደሙ አልቆመም!» ብላ ጮኸች፤ ነገር ግን በዚያችው ቅጽበት ባቡሩ ያልፍ ነበርና መስመሩ እንደ ልማዱ አጓራ፤ የቃሉ ፊትና ኋላ በጩኸቱ ተውጦ ከሐኪሙ ጆሮ የደረሰው «ቆመ» የሚለው ብቻ ሆነ። ሐኪሙ «ተመስገን» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሰው በእግሩ ሮጦ እስኪጠራው ድረስ ሴቲቱ አልጠበቀችም።

አዋላጇ የመስመር ሹሙ ሚስት ነበረች። ሹሙን ሠራተኞቹ በሌለበት «ቱምቢ» ይሉታል፤ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ቀጥ ያለ ነገር ካላየ ዓይኑ አያርፍምና፤ ምሰሶ ዘመም፣ ሽቦ ጠመም ካለበት ቁርሱ አይወርድለትም። ያን ሰሞን ከንቲባው አስጠሩት።

«ይህ የሚያጓራ ነገር ይነቀልና የቀድሞው ፈረሰኛ መልእክተኛ ይመለስ።»

«ክቡር ከንቲባ፤ ፈረሰኛው ኮረብታውን ወርዶ እስኪደርስ የሚደማ ሰው አይጠብቅም። እስከ ቅዳሜ ይታገሡኝ። ቅዳሜ ባቡሩ ሲያልፍ ራስዎ ያዳምጡ፤ ካጓራ እኔው በእጄ እነቅለዋለሁ።»

«እንግዲህ ቅዳሜ» አሉ ከንቲባው፤ በሐሳባቸው ግን ፈረሱን ጭነውት ነበር።

መስመሩ ሲዘረጋ አንድ ሽቦ ብቻ ነበረው፤ የመልሱን ጉዞ መሬት ይሸከመው ነበር፤ የባቡሩም ኤሌክትሪክ በዚያው መሬት ስለሚመለስ ጩኸቱ ከንግግሩ ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ ቱምቢ ንግግሩ በአንዱ ሄዶ በሌላው እንዲመለስ ሁለተኛ ሽቦ ጨመረ። ስልክ የሚሰማው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነውና፤ ጩኸቱ ሁለቱንም እኩል ከነካ ልዩነት የለም፤ ልዩነት ከሌለም አይሰማም። ሽቦዎቹን ጎን ለጎን፣ እንዳማረባቸው፣ ቀጥ አድርጎ ዘረጋቸው። ባቡሩ መጣ፤ መስመሩ አጓራ። ረገብ ቢልም አጓራ።

ምሳውን ሳይነካ ከገበታ ተነሣ። «ሁለት ሽቦ፤ አንድ ዓይነት፤ ጎን ለጎን! ምን ጎደለኝ?»

ሚስቱ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ጠየቀችው። «የባቡሩ መንገድ በየትኛው ሽቦ በኩል ነው?»

«በግራው።»

«ሁልጊዜ?»

«ታዲያስ! ከላይ እስከ ታች። ንቅንቅ አይሉም።»

«እንግዲያው ዳር የተኛ ልጅ ማለት ነዋ። የእኛዎቹ አንድ ብርድ ልብስ ሲጋፈፉ በበሩ በኩል ያለው ሁሌ ይበርደዋል፤ ሁሌ ይነጫነጫል። ቦታ እያቀያየርኩ እኩል ሲበርዳቸው ነው ጸጥ ያሉልኝ።»

ቱምቢ ወደ እሷ ዞረ። «ሽቦ ላጠላልፍ? እኔ?»

«ያቺ ሴት እጄ ላይ ነው ያለፈችው። ጮኼ ነበር እኮ! ቃሌ ካልተሰማ ያንተ ሽቦ ቀጥ ማለት ለማን ይበጃል?»

አፈረ።

በማግሥቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፤ ጥቂት ምሰሶ ባለፉ ቁጥር ግራው ሽቦ ወደ ቀኝ፣ ቀኙም ወደ ግራ እንዲሻገር፤ እንዳይነካኩም ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የሸክላ ሲኒ እንዲለያዩ፤ እንዲህም ሆነው የባቡሩን ጩኸት በየተራ እኩል እንዲካፈሉ አዘዘ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጠው ሽማግሌ፣ መሰላሉን መሬት ላይ ጣለው።

«የተጠላለፈ ሽቦ የሰነፍ ሥራ ነው ብለው ስንቴ ያስፈረሱኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? አሁን መንገደኛው ሁሉ ሰክሮ ነው የሰቀለው ይበለኝ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት፤ ተሳስቻለሁ» አለና ኮቱን አውልቆ መሰላሉን ራሱ አቆመ። የመጀመሪያውን ምሰሶ እጁ እየተላጠ ጨረሰ፤ ሁለተኛው ላይ ሳለ ሽማግሌው ከታች ሲያይ፣ ሲያይ ቆይቶ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኧረ ይውረዱ በፈጠረዎት! ማጠላለፍም ወግ አለው፤ እንዲህ ከሆነ ነገ ይበጠሳል!»

ከዚያ በኋላ እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ማንም አልተከራከረም።

ቅዳሜ ከንቲባው በሐኪሙ መኖሪያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ቱምቢ በበሩ በኩል፣ ሐኪሙ አጠገባቸው ቆሙ። ባቡሩ የመስኮቱን መስተዋት እያንቀጠቀጠ አለፈ። አዋላጇ በኮረብታው ላይ ሆና ትናገር ነበር፤ በዚህ ጊዜ መጮኽ አላስፈለጋትም።

«ምን አለች?» አለ ሐኪሙ።

«‹ደሙ አልቆመም› ነው የምትለው» አሉ ከንቲባው። ከዚያም ስልኩን ሳያወርዱ፤ «ደግማም እሱኑ ነው የምትለው።»

ሐኪሙ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ ፊቱንም በእጆቹ ሸፈነ።

መስመሩ ሳይነቀል ቀረ። የከተማይቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ባቡሩን ያስመረቁትን ከንቲባ ከነማዕረጋቸው ያነሣሉ፤ ስለ ሽቦዎቹ መጠላለፍ ግን ያሉት የለም። የመስመር ሠራተኞች ብቻ ሽቦ የሚሻገርበትን ምሰሶ «አልቆመም» እያሉ ለብዙ ዘመን ሲጠሩት ኖሩ። በኋላ የመጡት የስሙን ምክንያት ሲጠየቁ፤ ያን ጊዜ ምሰሶው ዘሞ ነበርና ቀጥ ብሎ አልቆመም ለማለት ነው ብለው አስረዱ፤ ይኸው በመጽሐፍ ገባ። አንድም ምሰሶ ዘሞበት የማያውቀው ቱምቢ ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ በተነሣ ነበር። ታሪክ በዚህ ጊዜስ ቃሉን ከፊት እስከ ኋላው ሙሉውን ሰምቶታል፤ የማን ደም እንደ ነበረ ግን አልሰማም።