የእምቢታው ቅጽ

ነሲባ ማክሰኞ ሞታ ማክሰኞ ተቀበረች። እሑድ ጠዋት ወንድሞቿ ባሏን ታሂርን ሊገድሉ ተማምለው ነበር። ቀይ ዋርካ ጤና ጣቢያ የሚገኝ አንድ ቅጽ፣ ባልየው ሚስቱ ወደ ቆቦ ሆስፒታል እንድትላክ እምቢ ብሏል ይላል፤ የታሂር አውራ ጣትም አርፎበታል።

የተቃባ ደም የሚያደርቁት አስታራቂ ሽማግሌ፣ አበጋር ሸህ አህመድ፣ ወንድሞቿን እስከ ቀትር እንዲታገሱ ለምነው ለሳቢራ ደወሉ።

«ያቺ የምትቆጥረዋ አንቺ ነሽ፣ ልጄ? ታሂር አንቺን ጥሩልኝ ብሏል። እውነቱን ፈልጊልኝ።»

ሳቢራ የሕክምና ትምህርቷን ከዶክትሬት ጋር አዳብላ የያዘች ናት፤ ዶክትሬቷ በጤና አገልግሎት ምርምር ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቆቦ ሆስፒታል በሽተኛ ታያለች፤ ሐሙስና ዓርብ ቀይ ዋርካ ተቀምጣ ወላድ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቅ ትመዘግባለች። በባጃጅ ስትበር ጤና ጣቢያው ደረሰች።

የጣቢያው ኃላፊ ፍቅሩ ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ ጠበቃት።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ብዬሽ ነበር፤ ወይ አክሚ ወይ ቁጠሪ። አሁን ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ?»

ቅጹን ገፋላት። ‹ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት› ይላል። ሳቢራ ጣቱንም ጽሑፉንም አለፈችና የወረቀቱን ግርጌ አየች፤ ደሟ ፈላ። ቢሆንም ዋጥ አደረገችው።

«ቀትር ላይ ሸህ አህመድ ሸንጎ ይዘውት ይምጡ።»

«እመጣለሁ። የምርምርሽ ፈቃድ ግን በእኔ ፊርማ የቆመ መሆኑን አትርሺ።»

አዋላጇ ሊድያ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተገኘች።

«ስትገባ ራሷን ያማት ነበር፤ የደም ግፊቷም አይጣል ነው። ልጁን በሰላም ተገላገለች፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመራት። መድኃኒቱ አልቆብናል። ወደ ቆቦ መላኪያውን ሪፈር ጽፌ ለአቶ ፍቅሩ ሰጠሁት፤ አምቡላንሱ እየመጣ ነው አለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ አረፈች።»

«ታሂር እምቢ ብሎ ነበር?»

«እኔ አልሰማሁም። በማግስቱ ረቡዕ ለሥልጠና ቆቦ ወርጄ ትናንት ነው የተመለስኩት።»

ሾፌሩ ጀሚል አምቡላንሱን እያጠበ ነው። ማክሰኞ የት እንደነበር ስትጠይቀው «ጋራዥ» አለ፣ ቀና ሳይል። ሳቢራ የኋላውን በር ከፈተች። ቃሬዛው ጎማ ላይ የተጠመጠመ ደረቅ የማሽላ ቅጠል መዘዘች።

«ጋራዥ ውስጥ ማሽላ ይዘራል እንዴ፣ ወንድሜ?»

ጀሚል ወደ ውኃ ባልዲው ዞረ። ፍቅሩ ሰንጋ እንደሚያደልብ አገር ያውቃል።

ቀትር ላይ ሁሉም ከመንደሩ ዋርካ ጥላ ሥር ለሸንጎ ተቀመጠ። የነሲባ ታላቅ ወንድም ኡበይድ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ታሂር ከፊቱ አንገቱን ደፍቷል።

«ጣቱ ያንተ ነው?» አለች ሳቢራ።

«የኔ ነው። ወላሂ ማንበብ አልችልም። የልጁን የልደት ወረቀት ልወስድ ስሄድ እዚህ ላይ አሳርፍ አሉኝ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«ውሸቱን ነው!» አለ ፍቅሩ። «ቀኑ ተጽፏል፤ ማክሰኞ!»

ሳቢራ ቅጹን ለሸህ አህመድ ሰጠች። «ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምን ይታያል፣ አባባ?»

«አንድ ቁጥር።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህ ቅጽ ከጣቢያው ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ስንት ሰው ሪፈር እምቢ እንደሚል ለመቁጠር ሃምሳ ቅጽ አሳትሜ፣ በእጄ ቁጥር ሰጥቼ፣ ሐሙስ ጠዋት አመጣሁ። ይህ የመጀመሪያው ነው። ማክሰኞ ዕለት ይህ ወረቀት ቀይ ዋርካ ውስጥ አልነበረም።»

ፍቅሩ ላቡን ጠረገ። «እንግዲያው ሊድያ ናት የሞላችው።»

«ሊድያ ሐሙስ ቆቦ ነበረች፤ የሥልጠናው ፊርማ አለ። የቅጾቹን እሽግ በእጅህ ተቀብለህ መሳቢያህ ውስጥ የቆለፍከው አንተ ነህ።» አንቱታውን ትታዋለች። «ሐሙስ ላይ ውሸት ያስፈለገህ ማክሰኞ አምቡላንሱ የት እንደዋለ እንዳይጠየቅ ነው። ጀሚል፣ ቅጠሉን ላሳያቸው ወይስ ትናገራለህ?»

ጀሚል መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «አቶ ፍቅሩ ለሰንጋዎቹ የማሽላ አገዳ ጫን ብሎኝ ከጎብዬ ከተማ ማዶ ነበርኩ። አምስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ወላድ አለች፣ ግን መጀመሪያ አገዳውን ቤት አራግፍ አለኝ።»

ሳቢራ ከዚህ በላይ ንዴቷን መዋጥ አልቻለችም። «ለበሬ አገዳ ሰው ገደልክ። አልበቃህ ብሎ ለሟችዋ የሚያለቅስላትን ልታስገድል ነበር። ፈቃዴን ቅደደው!»

ኡበይድ ክላሹን ይዞ ተነሳ። ሸህ አህመድ እጃቸውን ዘረጉ፤ «ይህን ሕግ ይየው፣ ልጄ» አሉት። ኡበይድ መሣሪያውን እግራቸው ሥር አኖረው። ፍቅሩን ሁለት የቀበሌው ሚሊሻዎች ይዘውት ሄዱ።

ያን ጊዜ ታሂር ቀና አለ።

«ዶክተር፣ ቆቦ ብትደርስ ኖሮስ?»

ምርምሩ ‹ምናልባት› ማለትን አስተምሯት ነበር፤ አልተጠቀመችበትም።

«ማክሰኞ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። መድኃኒቱም ነበረኝ፤ አልጋውም ባዶ ነበር። ትድንልህ ነበር።»

ታሂር ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ኡበይድ መጥቶ ከጎኑ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱም አለቀሱ።