እናት ድምፅ

በዚያን ዕለት የቴክሳስ አቧራ ከመሬት በመርከብ ተጭኖ ስላልደረሰ የጉልላት ስቱዲዮ ሠራተኞች የጨረቃን አመድ ቀይ ቀለም እየነከሩ በወንፊት ሲነፉ አረፈዱ። ነገሩ አዲስ አልነበረም። የጭነት መርከቧ በዘገየች ቁጥር ቴክሳስ የሚሠራው ከጨረቃ ነው፤ ተመልካቹም እስከ ዛሬ ልዩነቱን አውቆ አያውቅም። አላባማ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ነው። ብሩክሊን ደግሞ የኦክስጅን ማጣሪያው አጠገብ ስለተሠራ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል።

ጉልላት በጨረቃ ላይ፣ በመስታወት ክዳን ሥር የተሠራች የድራማ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከሌጎስ፣ ከማኒላና ከትብሊሲ የመጡ ተዋንያን ጠዋት ተነስተው አሜሪካዊ ይሆናሉ፤ ማታ እንደየአገራቸው ያንኮራፋሉ። ለምን አሜሪካዊ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ድራማውን የሚገዙት ኩባንያዎች ሰው ታሪክ የሚያምነው በአሜሪካንኛ ሲነገረው ነው ብለው ከወሰኑ ቆይተዋል፤ ስለዚህም ማንኛውም ተዋናይ ካሜራ ፊት ከመቆሙ በፊት በሚዛን ያልፋል።

ሚዛን አነጋገር የሚመዝን ማሽን ነው። ተዋናዩ ከፊቱ ተቀምጦ ሲናገር ማሽኑ ድምፁን ሆዱ ውስጥ ከተቀመጠው እናት ድምፅ ጋር ያስተያያል። እናት ድምፅ የሚባለው ሌላው ሁሉ የሚለካበት ትክክለኛው አሜሪካዊ ድምፅ ነው። ከተመሳሰለ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ካልተመሳሰለ ቀይ። ቀይ የበራበት ሰው በቀጣይዋ መርከብ ወደ መሬት ይመለሳል።

ማሽኑን የምትይዘው ምንትዋብ ታደገ ነበረች። የደሴ ልጅ ናት፤ ጉልላት ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። በአዳራሾቹ ውስጥ ከአሜሪካንኛ በቀር መናገር ክልክል ነው። ሌሎቹ መኝታ ክፍላቸው ሲደርሱ ደንቡን ከጫማቸው ጋር ያወልቁታል፤ እሷ ግን ይዛው ትተኛለች። ሥራዋን ከልቧ የምትይዝ ሰው ነበረች፤ ክፋት አልነበረባትም። ፍርሃት ነበረባት እንጂ።

የምትፈራው አንድ ሰው ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ይባላሉ። በድራማው ውስጥ የቴክሳሱን ሽማግሌ ዳኛ የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ሰባራ ባቡር አካባቢ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ምንትዋብን አሜሪካንኛ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ሲናገሩ ቴክሳስ ውስጥ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ይመስላሉ። አንዲት ነገር ብቻ አልለቀቀቻቸውም፤ የሰው ነገር ሲሰሙ፣ "አዎ" ማለት ሲፈልጉ፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። አጭር ናት፣ ጉሮሮ ላይ የምትቀር። አገር ቤት ሰው ሁሉ የሚያደርጋት፣ እንደሚያደርጋትም ልብ የማይላት ነገር ናት። ምንትዋብ እሷን ትንፋሽ ከራሷ ላይ ለመንቀል ስንት ወር መስታወት ፊት ቆማለች። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ይስቧታል፤ ማሽኑም ሁልጊዜ አረንጓዴ ያበራላቸዋል። ማሽኑ ያዝንላቸዋል ብላ ታስብ ነበር።

በዚያን ዕለት ግን እንግዳ ይመጣ ነበር። የገዢው ኩባንያ ተወካይ፣ ኬረን ሆልት የምትባል፣ እውነተኛ አሜሪካዊት። ጉልላት ከተሠራች ጀምሮ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ሰው ስቱዲዮውን ሲረግጥ የመጀመሪያው ስለሆነ ቤቱ በሙሉ ተሸብሯል። ማሽንን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ይህቺን ሴት ግን በምን እናልፋታለን፣ ይላል ሁሉም በየልቡ።

ጋሽ ወንድይራድ በጠዋቱ ሚዛን ፊት ተቀምጠው የዳኛውን ንግግር አነበነቡ። አረንጓዴ በራ። ከዚያ ካሜራ ያዡ "ዝግጁ ነዎት?" ሲላቸው፣ ተዋንያኑ ሁሉ ቆመው እየሰሙ፣ ያቺን ትንፋሽ ሳብ አደረጉ።

እንግዳዋ ይህን ስትሰማ ምንትዋብን ታያት። እንግዳዋ ዞራ "ይህ ሰው ከየት ነው?" ስትል፣ ከዚያም ጣቷ ወደ እሷ ወደራሷ ሲቀሰር ታያት። የማሽኑ አጣሪ እንደመሆኗ የመብራቱን ውሳኔ በእጇ የመለወጥ ሥልጣን ነበራት። እስከዚያ ቀን ተጠቅማበት አታውቅም። እጇን ሰደደችና አረንጓዴውን ወደ ቀይ ለወጠችው።

ጋሽ ወንድይራድ መብራቱን አዩ፤ እጇን አዩ።

"ምንትዬ" አሏት ዝቅ ባለ አማርኛ። "የቀረችኝ አንዲት ትዕይንት ናት። ዳኛው የሚሞትባት። እሷን ሠርቼ ልሂድ፤ ሌላ አልልሽም።"

በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ ምንትዋብን ይመለከቱ ነበር። እሷም በጠራ አሜሪካንኛዋ፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ የሚናገሩት ቋንቋ አይገባኝም" አለቻቸው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይህኛው ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አስባበት ነው ያወጣችው። ጋሽ ወንድይራድ በዚያው በቴክሳስ አነጋገራቸው፣ "ልክ ነዎት እመቤቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብለው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ኬረን ሆልት የደረሰችው ወዲያው ነው። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ደግ ፊት ያላት፣ ጨረቃ ላይ መራመድ ገና ያለመደች ሴት ነበረች። አዳራሹን ስትጎበኝ ሚዛን ፊት ደረሰችና ሳቀች።

"እስቲ እኔንም መዝኑኝ" አለች።

ተቀመጠች። ስለ ኦሃዮ፣ ስላደገችበት ቤት፣ በረዶ ስለሚጠረግበት መንገድ ተናገረች። ቀይ በራ።

ሁሉም ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ደግማ ሞከረች። ቀይ። በሦስተኛው የሚስቅ ሰው አልነበረም።

"የጉልላት አየር ደረቅ ስለሆነ የእንግዳን ጉሮሮ ይለውጣል" አለች ምንትዋብ። የቀኑ ሁለተኛ ውሸቷ መሆኑ ነው።

ኬረን ትቆጣለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀልታ መሬት መሬት ታይ ጀመር። "አያቴ ከፖላንድ የመጣች ነበረች" አለች። "ያሳደገችኝ እሷ ናት። ትምህርት ቤት አነጋገርሽ እንደኛ አይደለም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እዚህ ሥራ ለመግባት አነጋገሬን ለማቃናት ብዙ ደክሜያለሁ። ለካ እስካሁን ያስታውቃል።"

ምንትዋብ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ እፈትሸዋለሁ ብላ ወደ ኋላ ክፍል ገባች።

ሚዛንን የሠራው ድርጅት ከፈረሰ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እናት ድምፁም ከታሸገ ወዲህ ያዳመጠው ሰው የለም። ቁልፉ በእጇ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከፈተችው። አንድ ጎልማሳ ወንድ በጥሩ የቴክሳስ አነጋገር ስለ አየር ሁኔታ ይናገራል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አይቸኩልም። ከዚያ አንዲት ሴት፣ "ነገ ይዘንባል?" ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ቃል ሳይናገር አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

ምንትዋብ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለች። ያቺን ትንፋሽ ከሰው ሁሉ ትንፋሽ ለይታ ታውቃታለች። ሰባራ ባቡር አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ስትሰማት ኖራለች።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ሚዛን የተሠራው በጋሽ ወንድይራድ ድምፅ ነው። ማሽኑ እስካሁን አሜሪካዊ ያለው ሁሉ እሳቸውን የመሰለውን ነው፤ ያቺን የማትለቅ ትንፋሽ ሳይቀር የእውነተኛ አሜሪካዊ ምልክት አድርጎ ይዟታል። ሌሎቹ የእሳቸውን ቃና ስላጠኑ ያልፋሉ፤ ኬረን ግን ቃናዋም የራሷ ነው፣ ያቺም ትንፋሽ የለቻትም። ምንትዋብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ የጨረቃ መሬት ግን እንዲህ ያለውን ልመና አልለመደችም።

ብትናገር እስከ ዛሬ የበራው አረንጓዴ ሁሉ ውሸት ይሆናል። የሷም፣ የጓደኞቿም እንጀራ አብሮ ይሄዳል። ዝም ብትል ደግሞ ጋሽ ወንድይራድ እንግዳዋን ባመጣችው መርከብ ዛሬ ይሳፈራሉ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ተዋንያኑ ኬረንን ከበዋታል። ሚዛን ለተለማማጆች ስህተታቸው የት እንደሆነ በሥዕል ያሳያል፤ አንዲት የማኒላ ልጅም ሥዕሉን እያየች ታለማምዳታለች። "እዚህ ጋ ነው የጎደለዎት" ትላታለች። "ሲስማሙ ትንፋሽዎን ወደ ውስጥ ይሳቡ። በቀስታ። ይኸው።"

ኬረን ሞከረች። ድጋሚ ሞከረች። በመጨረሻ አረንጓዴ ሲበራ ተዋንያኑ አጨበጨቡላት። ኬረን ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ "አሁን ገና ሆነልኝ" አለች።

ምንትዋብ ቆማ ልታየው አልቻለችም። ወደ መርከቧ መሳፈሪያ ሄደች።

ጋሽ ወንድይራድ ሻንጣቸውን ጉልበታቸው መሀል አድርገው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ" አለች። ከዚያ አማርኛው እምቢ አላት። ሲወጣም አሜሪካንኛ እየተናነቀው፣ ምላሷ እየተጠቀለለ ወጣ። "ጋሼ፣ እናት ድምፁ እርስዎ ነዎት።" አነጋገሯ ለራሷ ጆሮ አስጠላት።

"ሰማሽው?" አሉ።

"ያውቁ ነበር?"

"ገና የመጣሁ ዕለት። ጎልማሳ ሳለሁ አንድ ድርጅት አሜሪካዊ ምሰልልን ብሎኝ ክረምቱን ሙሉ ሳነብላቸው ከረምኩ። ለስልክ መልስ መስጫ ነው ብለውኝ ነበር። እዚህ መጥቼ ማሽኑ ፊት ስቀመጥ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ አረንጓዴ አበራልኝ፤ ጌታውን እንዳየ ውሻ።"

"ታዲያ ዛሬ ጠዋት ለምን ዝም አሉ?"

"ብናገር የማን አረንጓዴ ይተርፋል? ያንቺስ?"

ምንትዋብ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ወንድይራድ የሻንጣቸውን እጀታ ሲያሻሹ ቆዩና፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "ጠዋት አልገባኝም ያልሽኝ በእኔ አፍረሽ ነው?"

መልስ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ደንቡ፣ እንግዳዋ፣ ሥራው፤ ሁሉንም በየተራ ልትደረድር። አንዱም ከአፏ ሳይወጣ ትንፋሿ በራሱ ወደ ውስጥ ተሳበ። አጭር ነበር፣ ጉሮሮዋ ላይ የቀረ። ነቅዬ ጣልኩት ያለችው እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ እንባዋ መጣ።

"ደግ" አሉ ጋሽ ወንድይራድ። "እውነቱን ከነገርሽኝ ይበቃል። እኔም እስከዚህ ዕድሜዬ በራሴ ሳፍር ነው የኖርኩት።"

ሻንጣቸውን ከእጃቸው ወሰደች። "ዳኛው ሳይሞት የት ይሄዳሉ?" አለቻቸው።

ሲመለሱ ኬረን እንደገና ሚዛን ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ልምምዱ ሳይጣፍጣት አልቀረም። ምንትዋብ ሁሉም እየሰማ፣ በዚያ በተንሻፈፈ አማርኛዋ፣ "ጋሼ፣ ይቀመጡ" ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ደንብ መጣሱን የሚናገረው ደወል ጣራው ላይ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ጋሽ ወንድይራድ ለእንግዳዋ በቴክሳስ ወግ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡ። የኬረን ፊት በራ። "አሁን እኚህ ናቸው እውነተኛው" አለች። "ከየትኛው ግዛት ነዎት?"

ሽማግሌው ወደ ምንትዋብ ዞሩ።

"ከደብረ ታቦር" አለች ምንትዋብ በአሜሪካንኛ። "የኢትዮጵያ ሰው ናቸው። እርስዎ የተመዘኑበት እናት ድምፅ የእሳቸው ነው፤ እኛም ሁላችን የምንመስለው እሳቸውን ነው። ዛሬ ጠዋት ማሽኑ አረንጓዴ አብርቶላቸው ነበር። ቀይ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በእርስዎ ፊት እንዳያሳፍሩኝ ብዬ።"

ኬረን ሽማግሌውን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ ከሰዓታት በፊት እንደቀላችው ሁሉ ቀስ እያለች ቀላች።

"ታዲያ የተጨበጨበልኝ" አለች፣ "እኔ እሳቸውን ስለመሰልኩ ነው?"

"አዎ" አለች ምንትዋብ። "ይገባዎታል?"

ኬረን ልትመልስ አፏን ከፈተች። ሳታስበው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፤ አጭር፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር፣ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ የጎረቤቷን ችግር ቆማ እንደምትሰማ ሴት። ከፊቷ አረንጓዴው በራ።