እፍኝ ቀይ ቡና

ህልሜን መጻፍ የጀመርኩት እናቴ የሞተች ሰሞን ነው። እሷ እያለች ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ እነግራት ነበር፤ «ኸይር ነው» ብላ ትፈታልኛለች። «ህልምሽን ለሚወድሽ ሰው ብቻ ንገሪ» ትለኝ ነበር። ስትሞት የምነግረው ሰው ሲጠፋ ደብተር ገዛሁ። አባቴ «ይቺ ልጅ ተኝታም አታርፍ» እያለ ይስቅብኛል።

ኢርፋንም ያገኘኝ ስጽፍ ነው። ሄርማታ ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። ጫማው ላይ ጭቃ የደረቀበት፣ ከሸቤ ገጠር የመጣ የቡና ገበሬ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ሲያየኝ ልብ አላልኩም።

«ፈተና አለብሽ?» አለኝ።

«ህልሜን ነው የምጽፈው።»

«ህልም ይጻፋል እንዴ? የሚጻፈው የሆነ ነገር አይደል?»

«የሆነውንማ ሁሉም ያውቀዋል።»

ሳቀ። በሚቀጥለው ሐሙስ ወረቀት አልያዘም። «ህልም ይዤ መጣሁ» አለ። ወንዝ ሲሻገር አንድ ጫማው እንደቀረበት ነገረኝ፤ ከእኔው ህልም ስር ጻፍኩለት። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ የደብተሬ ግማሽ የእሱ ሆነ። አንዳንዱን ፈጥሮ እንደሚነግረኝ ከአይኑ ይገባኝ ነበር።

«በህልም መዋሸት ወንጀል ነው» አልኩት አንድ ቀን።

«እንግዲያው እውነቱን ልንገርሽ። ያየሁት አንቺን ነው።» ቀጥሎም «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

ልቤ እሺ ብሏል። ግን የቤታችን ወግ ነውና «ኢስቲኻራ ልስገድ» አልኩት፤ አላህ እንዲመራኝ ሰግጄ ልተኛና የማየውን ልይ ማለቴ ነው።

ሰግጄ ተኛሁ። በህልሜ ኢርፋን በራችን ላይ ቆሟል። በሁለት እጁ እፍኝ ሙሉ ቀይ ቡና ይዟል፤ ጭማቂው ነጭ ሻሼ ላይ ይንጠባጠባል። «ያዢ» አለኝ። እጄን ሳልዘረጋ ነቃሁ።

ከእናቴ ወዲህ ቤታችንን የያዘችው የአባቴ እህት አዳዳ ጠይባ ናት፤ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ደብተሩን አነበብኩላት።

«አዑዙ ቢላህ!» አለች። «አረንጓዴ ወይ ነጭ ብታዪ ምን ነበረበት? ቀይ እኮ ደም ነው። ተይው ይሄን ልጅ።»

«አዳዳ፣ እኔ ግን እወደዋለሁ።»

«ማሎ፣ ሳቢሃ! ብትወጂው ነዋ የምልሽ። ደግሞ መጥፎ ህልም አይወራም። ለራሱም እንዳትነግሪው።»

እናቴ ከመሞቷ በፊት ቤታችን ሲፈርስ በህልሜ አይቼ ንቄው ነበር። ኢርፋንንም በንቀቴ እንዳልገድለው ፈራሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ «ልጅቷ አልፈቀደችም» ብሎ መለሳቸው።

ሐሙስ መጣ። አልተቀመጠም።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ነው?»

«አይደለም» ብዬ ብመልስለት «ታዲያ ምንድን ነው?» ሊለኝ ነው። ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ዝም አልኩ፤ እሱም ዝምታዬን አዎ ብሎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ አስር ወር ሙሉ ሐሙስ በመጣ ቁጥር በሩን በሩን ሳይ እውል ነበር።

አንድ ሐሙስ ገባ። ከሳ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት መታወቂያ አስቀመጠ፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው የአንዲት ልጅ፣ ስሟ ዩምና።

«ሌላው ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ጠፍቶ ነው» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

የልጅቷን ፎቶ መስታወቱ ላይ ደፍቼ ኮፒ አደረግኩ። ቆንጆ ናት።

«ኒካው መቼ ነው?»

«እሁድ፣ ኢንሻ አላህ።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ መሳቢያውን ከፍቼ ደብተሩን አውጥቼ ያንን ገጽ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«በዚህ ምክንያት ነው?»

«ቀይ ደም ነው አሉኝ። ትሞትብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ሳቢሃ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እኛ ጋ አረንጓዴ ቡና የለቀመ ልጅ ይገረፋል። ዓመት ሙሉ የምንጠብቀው ቀዩን ነው። ቀላ ማለት ደረሰ ማለት ነው። የሸቤን ሕፃን ብትጠይቂ ይፈታልሽ ነበር።»

«ለሰው አይወራም አሉኝ።»

«ለሚወድሽ ሰው ይወራል እኮ።»

የእናቴን ቃል ከእሱ አፍ ሰማሁት። እንዲቆይ መለመን ፈለግኩ፤ የዩምና መታወቂያ ግን ገና በእጄ ነበር። ሰጠሁት። ኮፒዎቹን አጥፎ ከመታወቂያዎቹ ጋር ኪሱ ከተተና ወጣ።

እሁድ ኒካው ታሰረ። እኔ ደብተሩን ገልጬ ያንን ህልም ደግሜ ደግሜ አነበብኩ። አዳዳም እኔም ቀዩን ብቻ ነበር ያየነው። በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጨረሻው መስመር ግን ፈቺ አያስፈልገውም ነበር፤ «ያዢ» አለኝ፣ እጄን አልዘረጋሁም።