ሰባተኛዋ ወፍ

ወረቀቷን የተቀበለችው አሳንሰር ውስጥ ነው።

ሰውየው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆመ። አምስተኛ ላይ ሲወርድ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት መዳፏ ውስጥ ነበረች።

«እህቴ፣ እናታችንን እንዳትረሻት» አላት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው።

የምስጢር ስሙ «ባላ» ነው። የእሷ ደግሞ «ማገር»። በዚህ ድርጅት ውስጥ ግን እሷ ፕሮግራመር ናት፣ እሱ አልፎ አልፎ የሚጠይቃት ታላቅ ወንድሟ። በእውነቱ ሁለቱም የአንድ የስለላ ማዕከል ሰዎች ናቸው፤ አራት ዓመት በእሱ ትእዛዝ ሠርታለች። እንደ ወንድምም አምናዋለች።

ወረቀቷ ላይ የአንድ ኤንኤፍቲ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሸጥ የዲጂታል ሥዕል ስብስብ፣ የኮንትራት አድራሻ አለ። በኮንትራቱ ሥር አሥራ ሁለት የወፍ ሥዕሎች አሉ። ድርጅቱ የእነዚህን ዲጂታል ሥዕሎችና የመግለጫቸውን ቅጂ አስቀምጦ ለዓለም ያሳያል። የሥዕሎቹ ባለቤት ዋናውን ምንጭ ቢለውጥም፣ አንድ ሠራተኛ በድርጅቱ የውስጥ ፕሮግራም ገብቶ «አድስ» እስኪል ድረስ የሚታየው አሮጌው ቅጂ ነው።

ባላ ወረቀቷ ላይ እንደጻፈው ከሆነ፣ አሮጌዎቹ ወፎች ውስጥ የአሥራ ሁለት ሰዎች ስም ተደብቋል፤ የጦር መሣሪያ ነጋዴዎችን ምስጢር ለማዕከሉ ያቀበሉ ሰዎች ስም። ነጋዴዎቹ አራት ሰዓት ላይ ያዩታል። ምንጩ ጸድቷል። እሷ ማደስ ብቻ ነው ያለባት።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ።

ጣቷ «ሁሉንም አድስ» የሚለው ላይ ደረሰና ተመለሰ። የቡድን መሪው የሠራተኛው መቀለጃ ናቸው፤ ቅጽል ስማቸው «ጋሽ ቀስ በሉ» ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ መጀመሪያ አንዱን ሞክሩ» ሳይሉ የዋሉበት ቀን የለም። ማገር ስምንት ወር ሙሉ ስትስቅባቸው ቆይታ፣ ሳታውቀው ልማዳቸው ተጋብቶባታል።

አንዱን ሞከረች። ሰባተኛውን። ለምን ሰባተኛውን እንደመረጠች አታውቅም፤ ዓይኗ ያረፈው እዚያ ነበር።

ወፏ ጠፋች።

የሰው ፊት መጣ።

ከሥሩ ሙሉ ስም፣ የሱቅ አድራሻ። ልብስ ሰፊዋ እትዬ ናቸው። ማገር ይህን ከተማ ስትረግጥ ሦስት ሳምንት ከሱቃቸው ጀርባ ደብቀው ያኖሯት፣ «ልጄ፣ ልብስ የሚያምረው ሥጋ ላይ ነው፤ ብዪ እንጂ!» እያሉ ሲቆጧት የከረሙት እትዬ።

አሮጌው ቅጂ ንጹሕ ነበር። ስሞቹ ያሉት ምንጩ ላይ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ባላ ነው።

«እናታችን መድኃኒቷን ወሰደች?»

«አንዷን ፍሬ ብቻ። አልተስማማትም።»

ሊደነግጥ ይገባው ነበር። አልደነገጠም።

«ሁሉንም ስጫት።»

«ትሞትብናለች እኮ!»

«ስጫት አልኩሽ።»

ያኔ ገባት። ስሞቹን ራሱ አሳልፎ ቢሰጥ ይነቃበታል። በእሷ እጅ ከወጡ ግን መዝገቡ ላይ የሚቀረው የእሷ ስም ነው፤ ከሃዲዋም እሷ ናት።

«እሺ ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሰኝ» ብላ ዘጋች።

ለማዕከሉ አንድ መስመር ላከች። «ጣራው ያፈሳል፤ ባላው ነቅዟል።» ሁሉንም ሰዎች አሁኑኑ አውጡ ማለት ነው።

ለእትዬ መደወል ነበረባት። ግን ኮንትራቱ ክፍት ነው፤ ባላ በሌላ ሰው እጅ ሊያሳድሰው ይችላል። አንድ ወይስ አሥራ አንድ?

ወደ ቡድን መሪው ሮጠች። ኮንትራት እንዳይታደስ ለማገድ የሁለት ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ጋሼ፣ ይሄን ያጽድቁልኝ። አጭበርባሪ ነው።»

መነጽራቸውን ፈለጉ። ጠረጉት። አደረጉት።

«ቀስ በይ ልጄ። ማስረጃሽ የታለ?»

«ጋሼ፣ በሞቴ!»

ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያነቡ አጸደቁ። አሥራ አንዱ ወፎች ወፍ እንደሆኑ ቀሩ።

አራት ደቂቃ ሄዷል።

ደረጃው ላይ ቆማ ደወለች። ስልኩ ወዲያው ተነሣ።

«ልጄ! ድምፅሽ እንዴት ናፍቆኛል መሰለሽ! ቆዪኝማ፣ ደንበኞች መጡ።»

«እትዬ፣ እንዳይከፍቱ! በጓሮ—»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ሲሉ ሰማች።

ከዚያ ተኩስ።

ሁለት ጊዜ።

አራት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። ያም ውሸት ነበር ማለት ነው፤ ነጋዴዎቹ ከማለዳ ጀምረው እየጠበቁ ነበር።

እስከ ምሽት አሥራ አንዱም ከድንበር ወጡ። ባላ አውሮፕላን ሳይሳፈር ተያዘ። ለእትዬ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

«አሥራ አንዱን አድነሻል፤ ግሩም ሥራ ነው» አላት ማዕከሉ በባላ ቦታ የላከው አዲሱ አለቃ፣ አዲስ መታወቂያ እየሰጣት።

እሷ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደጋግማ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ ስድስተኛውን ብነካስ ኖሮ? ደግሞ እንዲህ ማሰቧ ራሱ ያሳፍራታል፤ ስድስተኛውም የአንድ ሰው እናት ወይም ወንድም ነው።

በሦስተኛው ቀን ከትእዛዝ ውጪ ልቅሶ ቤት ሄደች። ጸጉሯን አሳጥራ፣ ስሟን ለውጣ ነበር። የእትዬ ልጅ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እናቴን ከየት ያውቋታል?»

«ደንበኛ ነበርኩ። ቀሚስ ሰፍተውልኛል።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «ስልክ ስታነጋግር ነው የደረሱባት አሉ። ከማን ጋር እንደነበረች የሚያውቅ የለም። መጨረሻ ላይ ምን እንዳለች የሚነግረኝ ባገኝ፣ ትንሽ ይወጣልኝ ነበር።»

ማገር እያንዳንዷን ቃል ታውቃለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት። ተነሥታ ከሚወጡት ሰዎች ጋር ወጣች። ማንም ዞሮ አላያትም።