ከዝውውር ማመልከቻ ጀርባ

ምንዋጋው መሐንዲሶችን መጥላት የጀመረው አንድም መሐንዲስ ሳያይ ነው።

አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ፣ እናቱ ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲዛወር አንድ ካርቶን ረስቶ ሄደ። ካርቶኑ ውስጥ ሠላሳ ስምንት የፍቅር ልቦለዶች ነበሩ። ልጁ ሁሉንም አነበባቸው፤ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሁሉም ውስጥ ጀግናው መሐንዲስ ነው፤ ረጅም ነው፤ መኪና አለው፤ ልጅቷ ስታኮርፍ ዝናብ ይዘንባል። ሰቆጣ ላይ ዝናብ ለገበሬው ተለምኖም አይመጣ፣ እንኳን ለኩርፊያ። ከሠላሳ ስምንቱ መጻሕፍት ሰቆጣ ያለችበትን ዋግን የሚያነሳ አንድም የለም። አንዱ ብቻ «ከወልዲያ ወዲያ ያለ ደረቅ አገር» ይላል፤ እዚያም ሰው የሚመጣው ታሞ ሊሞት ነው።

እንዲህም ሆኖ ወደዳቸው። ኋላ አድጎ ለራሱ ይቅር ማለት ያቃተው ይህን ነው፤ እሱን ከሰው ያልቆጠሩትን መጻሕፍት አቅፎ ማልቀሱን።

ስምንተኛ ክፍል የአማርኛ መምህራቸው ምስጋናው «ክረምትን እንዴት አሳለፍኩ» የሚል ድርሰት አዘዘ። ሌላው ስለ አረምና ስለ ፍየል ጻፈ። ምንዋጋው የውሃ ቦኖ ላይ ወረፋ ስለምትጠብቅ አንዲት ልጅ አራት ገጽ ጻፈ። መምህሩ ድርሰቱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ምንዋጋው ፍቅር ይዞታል» አለ ሲጨርስ። «ውሃ አጠጡት።»

ሰባ ተማሪ ሳቀ። ምንዋጋው አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተናውን ሲወድቅ የጣለው ሒሳብ ነበር፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ የጣለኝ ምስጋናው ነው ይላል።

ካርቶኑ በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ ሲጠፋ ለእሳት ሆነ። ሠላሳ ስምንት መሐንዲስ ተባብሮ አንድ ድስት ሽሮ አላፈላም።

ምንዋጋው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው ሰቆጣ ካለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃ ነበር። ምስጋናውም አስተማሪነቱን ትቶ፣ በማታ ተምሮ ዲግሪ ይዞ፣ የዚያው መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኗል። ምንዋጋው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተነስቶ «እንደምን አደሩ» የሚለው ለእሱ ነው። ኃላፊው ሁለት ጣቱን ያነሳል፣ ዝንብ እንደሚያባርር።

ምንዋጋው የተማረን ሰው የሚያውቀው በቦርሳው ነው። የዲግሪውም የዲፕሎማውም ቦርሳ ሲከፈት ያው ነው፤ ግማሽ ዳቦ፣ የስልክ ቻርጀርና ያልተነበበ መመሪያ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ፣ ይላል በልቡ፣ እኔን የሚበልጡኝ።

ሌላም ሥራ ነበረው። የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ለተሥላሴ በሳምንቱ ውስጥ ከየቢሮው የሚጣለውን ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባ ታመጣለች፤ ዓርብ ዓርብ ከግቢው ጀርባ የሚያቃጥለው ጥበቃው ነው። ምንዋጋው ከማቃጠሉ በፊት ይመርጥ ነበር። አንድ ጎኑ ባዶ የሆነውን ያስቀራል፤ ባዶው ላይ ይጽፋል። ፊቱ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ጀርባው የፍቅር ልቦለድ። በመጀመሪያ ለንቀት ነበር የጀመረው፤ እኔ ብጽፈው ከነሱ ይሻላል ብሎ። ሦስት መቶ ገጽ ሲደርስ ግን ንቀት ያን ያህል እንደማያስጽፍ ገባው።

የትናየት የመጣችው ከደብረ ታቦር ተመድባ ነው፤ የዕቅድ ክፍል ሴክሬታሪ ሆና። በመጀመሪያው ቀን ቦርሳዋን ሲከፍት ከዳቦው ሥር አንድ ልቦለድ አገኘ። ገለጥ ገለጥ አደረገው።

«እየፈተሽክ ነው ወይስ እያነበብክ?» አለችው።

«መጨረሻውን ልንገርሽ?»

«ሠላሳ ገጽ ይቀረኛል። ብትነግረኝ አልምርህም።»

«መሐንዲሱ ይመለሳል።»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ምንዋጋውም ቦርሳውን ሳይዘጋ መለሰላት። በማግስቱ ስትገባ «ተመለሰ» አለችው። «በዝናብ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጽሑፉ ነገራት፤ ሃያ ገጽ ሰጥቷት ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣ። በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ጠራችው።

«ልጅቷ ጥሩ ናት» አለች። «እናትየዋም ጥሩ ናት። ይሄ መሐንዲስ ግን ማነው? መሐንዲስ አይተህ ታውቃለህ?»

«አይቻለሁ። ቦርሳውን ፈትሼዋለሁ።»

«ምን ይዞ ነበር?»

«ግማሽ ዳቦ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል? የምታውቀውን ሰው አስገባ።»

ተናዶ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ሲላት ወደ ሌላ እያየ ነበር። ከዚያ መሐንዲሱን ሰርዞ ጥበቃ አደረገው፤ መጽሐፉም በዚያ ቀን ነፍስ ዘራ። እሷ በምሳ ሰዓት ገጾቹን በኮምፒውተር እየተየበች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ ያልተነበበላትን ፊደል እያነበበ፣ ወራት አለፉ። መብራት ሲጠፋ፣ ሰቆጣም ላይ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም፣ በጠቆረው ስክሪን ፊት ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ስክሪኑ ላይ የሁለቱም ፊት ይታያል። አንዳቸውም ግን ዞር አይሉም።

እንዲህ ባለ ዝምታ ውስጥ ነው ስለ እናቷ የነገረችው። እናትየዋ ደብረ ታቦር ላይ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራለች፤ ከጎረቤት በቀር ሰው የላትም። «ዝውውር ጠይቄያለሁ» አለች። «አቶ ምስጋናው በእጃቸው ተቀብለውኛል።»

ያ በጥቅምት ነበር። በዚያው ሳምንት ዓርብ ምንዋጋው ከረጢቱን ሲዘረግፍ ማመልከቻዋን አገኘው። ሁለት ላይ ታጥፏል፤ ቁጥር አልተሰጠውም፤ ማኅተም የለውም። ምክንያቱን ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም፤ እሷ ከሄደች ምስጋናው በምትኳ ሌላ ሴክሬታሪ እስከ ሰቆጣ ማምጣት ሊቸግረው ነው።

ሰኞ ዕለት ሊነግራት አሰበ። ሰኞ ጠዋት በበሩ ስትገባ ግን «ዛሬ ምዕራፍ ሰባትን እንጨርሳለን» አለችው። ሊል የነበረውን ዋጠው። የጣለው እኔ አይደለሁም፣ አለ ለራሱ። እውነቱን ነው፤ የጣለው እሱ አይደለም።

ታኅሣሥ ላይ እዚያው በር ላይ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ምስጋናውን አስቁማ ስትጠይቀው ሰማ።

«ክልል ልከነዋል» አላት ምስጋናው። «የመንግሥት ሥራ ነው፣ ታገሺ።»

ምንዋጋው የአንድ ሾፌር ቦርሳ እየፈተሸ ነበር። ባዶውን ቦርሳ ደጋግሞ ፈተሸ።

ማመልከቻውን ግን አላቃጠለውም። ፊርማዋ ወደ ጀርባው ዘልቆ ይታይ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጥበቃ ለልጅቷ ፍቅሩን የሚገልጽበትን ገጽ ሊጽፍ ሲቀመጥ ከሌላው ወረቀት ሁሉ ያንን መረጠ፤ ከፊርማዋ ጀርባ ብጽፈው እጇን ይዤ እንደ መናገር ነው ብሎ። ይህን የመሰለ ሞኝነት ካነበባቸው ሠላሳ ስምንት መጻሕፍት በቀር የትም አይማሩትም። ኋላ በሌላ ወረቀት እገለብጠዋለሁ አለ። ግን ገጹ በአንድ ትንፋሽ የወጣለት ነበርና ሊነካው ሳሳ፤ ከዚያም ከሦስት መቶው ገጽ ጋር ተደበላልቆ ተረሳ።

ግንቦት ላይ የትናየት ገጹን አንብባ፣ ወረቀቱን ገለበጠችው። ለምን እንደገለበጠችው እሷም አታውቅም። ምናልባት የሚቀጥለው አለ ብላ ይሆናል።

«ይሄን መቼ አገኘኸው?»

ምንዋጋው አጠገቧ እንደቆመ ነበር። መዋሸት ይችል ነበር። «ጥቅምት» አለ።

«ጥቅምት።» በጣቷ ቆጠረች። «ሰባት ወር እናቴ የጎረቤት እጅ እያየች ውሃ ጠጣች። አንተ ጻፍክበት።»

«የጣለው እሱ ነው።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። እሱ አለቃ ነው። አንተ ግን እዚህ ቁመህ ምሳዬን አብረኸኝ ስትበላ ነበር።»

«ትሄጂብኝ ነበር።»

«ያን ጊዜ ነበር መናገር» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ ብለህ። ወረቀት ላይ ሳይሆን።»

ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በበሩ ስታልፍ ቦርሳዋን ራሷ ከፍታ ትይዝለታለች፤ እሱን ግን አታየውም።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የሚባል አለ፤ ማንም አያምነውም። የትናየት አመለከተች። ምስጋናው «ማመልከቻ አልደረሰኝም» ብሎ መለሰ። ደርሶት ለመጣሉ በዓለም ላይ ያለው ማስረጃ አንድ ወረቀት ነው፤ እሱም በምንዋጋው እጅ ነበር፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ከሰው ደብቆ የያዘው ልቡ በሙሉ ተጽፎበታል። ገልብጦ ፊቱን ብቻ ማሳየት አይቻልም። ወረቀት ሁለት ገጽ ነው።

ሁለት ቀን አሰበ። የልቦለድ ጀግና ቢሆን በአንድ መስመር ይወስን ነበር። በሦስተኛው ቀን የደንብ ልብሱን ለብሶ ገባ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እንዳለው የሚባል መነጽራም ሰው፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ከተሳሳተው ጎን ማንበብ ጀመረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። «ብትሄጂ በሩ ይቀራል፤ እኔም እቀራለሁ፤ የምጠብቀው ነገር ግን አይኖርም...»

«ሌላውን ጎን ነው» አለ ምንዋጋው።

ማንም አልሰማውም። ምስጋናው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቅ ነበር። «ይሄ ልጅ እኮ ተማሪዬ ነው» አለ ለኮሚቴው። «ያኔም እንዲሁ ነበር። ዛሬም ፍቅር ይዞሃል?»

«አዎ፣ መምህር» አለ ምንዋጋው። «አሁን ሰብሳቢው ይገልብጡትና ያንን ያንብቡልኝ። የእርስዎ ቢሮ ቅርጫት ውስጥ የነበረው እሱ ነው። እማማ ለተሥላሴም ከየት እንዳመጣችው ታውቃለች።»

እንዳለው ገለበጠ። አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ምስጋናውን አየው፤ ሳቁም እዚያ ላይ ቆመ።

የትናየት ከጥግ ተቀምጣ ነበር። ጀርባው ሲነበብ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ፊቱ ሲነበብ ግን ቀና አለች።

ዝውውሩ በሁለት ሳምንት ወጣ። ምስጋናው ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ በዓመቱም ሹመት ተጨመረለት። ምንዋጋው መቃጠል የሚገባውን የመንግሥት ወረቀት ለግል ጥቅም በማዋል ጥፋተኛ ተብሎ ወደ አበርገሌ፣ ወደ አንድ የእህል መጋዘን ተላከ። ሳይጠይቅ በሦስት ቀን ተዛወረ። ሲፈልጉ ሥራን እንዲህ ያፋጥኑታል።

የትናየት የምትሄድበት የወልዲያው አውቶቡስ ጠዋት ነበር የሚነሳው። ምንዋጋው ሻንጣዋን ሊይዝላት ከአበርገሌ መጣ፤ ሰጠችው። ጣራው ላይ ተጫነ። ረዳቱ ሰው እየጠራ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ኮሚቴ ፊት የቆምከው ለእኔ ነው ወይስ ምስጋናውን ለመበቀል?»

አሰበ። ለእሷ ነው ቢል ደስ ይላት ነበር። «ግማሽ ግማሽ» አለ።

«ውሸታም ብትሆን ይሄኔ ነበር የምትዋሸው።» ፈገግታዋ መጣና ተመለሰ። «ያቺን ገጽ ፋይል ውስጥ አስቀሯት አይደል?»

«አስቀሯት። ኮፒ የለኝም።»

«እኔም አልተየብኳትም። ሌላው ፍላሹ ላይ አለ።» ፍላሹን መዳፉ ላይ አኖረችው፤ እጇንም ቶሎ አላነሳችም። «አንብቤዋለሁ፣ ምንዋጋው። እንዲያው አላነበበችውም ብለህ እንዳትብሰከሰክ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እናቴን አይቼ እነግርሃለሁ» አለችና አውቶቡሱ ላይ ወጣች።

እናቷ እስከ መስከረም ቆዩ። ማረፋቸውን በስልክ ነገረችው፤ በሰላም እንደሞቱም፣ እሷም አጠገባቸው እንደነበረች። ሰባቱን ወር አላነሳችም። እሱም አላነሳም። ከዚያ በኋላ በዓል ሲመጣ ይደዋወላሉ፤ ሌላ ቀን አይደዋወሉም።

መጽሐፉ ከሦስት ዓመት በኋላ በቀጭን ወረቀት ታትሞ ወጣ። አሁን ሰቆጣ ላይ ሴት ተማሪ ሁሉ ያነበዋል። ጥበቃው ማመልከቻውን ሲደብቅ፣ ልጅቷ ስትሄድ፣ ሁሉም እንደሆነው አለበት። ባለፈው ገበያ ቀን አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ፀጉሯ በአቧራ ነጥቶ፣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ መንገድ ላይ አስቆመችው።

«ጋሼ ምንዋጋው፣ እርስዎ ነዎት አይደል የጻፉት? አንድ ነገር አናደደኝ።»

«ምን?»

«እየወደዳት ለምን ዝም ብሎ ለቀቃት? ለምን አላስቀራትም?»

ምንዋጋው ለነገረኛ የሚመልሰው ብዙ ስድብ ነበረው፤ ይህችን ልጅ ግን ሊሰድባት አልቻለም።

«ሰባት ወር አስቀርቷት ነበር» አላት። «እሱ አይበቃም?»